ጠባሳና ክትባት

ሥራዋ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። የጎዳና ልብሷን ቀይራ፣ ፀጉሯን በቆብ፣ አፍና አፍንጫዋን በጭንብል ሸፍና፣ ጓንቷን አጥልቃ ሁለት በሮች ታልፋለች። አይጦቹ ወዳሉበት ክፍል ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው መቁጠር ነው። በየፕላስቲክ ሳጥኑ አራት ወይም አምስት አይጥ አለ። ውሃቸውን፣ ምግባቸውን፣ መኝታቸውን ታያለች። ቀጥሎ ጆሯቸውን። ከሳምንታት በፊት ጆሯቸው ላይ ሌሽማንያ የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋሲ ተወግተዋልና፣ የእያንዳንዱን ጆሮ ውፍረት በመለኪያ እየለካች በሚሊሜትር ትመዘግባለች። አንዱ አብጧል፤ አንዱ ቆስሏል፤ አንዱ ምንም አልሆነም። ምንም ያልሆነው ከሌሎቹ አስቀድሞ የተዳከመ ሕያው ክትባት የተሰጠው ነው።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጭንብሏን ስታወልቅ፣ አዲስ የመጣ ተማሪ የግራ ጉንጯን አየና እሳት አቃጥሏት እንደሆነ በትሕትና ጠየቃት። ጠባሳው የሳንቲም ያህል ስፋት አለው፤ መሀሉ ጎድጎድ ያለ፣ ከቀረው ቆዳዋ ፈዘዝ ያለ ነው።

«እሳት አይደለም» አለችው። «አንተ የምታጠናው ነው።»

ተማሪው ማንኪያውን አስቀመጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሌሽማንያ አንብቧል፤ በሰው ፊት ላይ ያየው ግን በዚያን ቀን ነበር።

ያደገችው ወሎ፣ ኩታበር ውስጥ፣ ከገደል አፋፍ ካለ መንደር ነው። ገደሉ የሽኮኮ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሽኮኮዎቹ ከድንጋዩ ስንጥቅ ወጥተው ይሞቃሉ፤ ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩባቸው ተመልሰው ይገባሉ። በዚያው ስንጥቅ ውስጥ የአሸዋ ዝንብ የምትባለውም ትኖራለች። ከወባ ትንኝ በእጅጉ ታንሳለች፤ ስትበር ድምጿ አይሰማም። ከሽኮኮው ደም ጋር ሌሽማንያ ኤትዮፒካ የሚባለውን ተሕዋሲ ትቀዳለች፤ ማታ ደግሞ በር ላይ የተቀመጠ ወይም የተኛ ልጅ ታገኛለች። የምትነክሰው ያልተሸፈነውን ነው፦ አፍንጫ፣ ጉንጭ፣ ከንፈር፣ ጆሮ። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ትንሽ እብጠት ይወጣል። ያገሬው ሰው ቁንጭር ይለዋል።

እሷን የያዛት በሰባት ዓመቷ ነው። አያቷ የሌሊት ወፍ ነክቷት ነው አሉ። ቅጠል ተቀጥቅጦ ተለጠፈባት፤ ጸበል ሄደች፤ በመጨረሻም በጋለ ብረት ተተኮሰች። ቁንጭሩ ግን በራሱ ጊዜ፣ ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው የዳነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ስም ወጣላት፤ ስሙን እስካሁን ለማንም አልተናገረችም። ስታለቅስ ያገኟት አያቷ ያሏትን ግን ታስታውሳለች። «በቃ፣ አንቺ ጨርሰሻል። ሁለተኛ አይነካሽም።»

አያቷ ፊደል አልቆጠሩም። በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ግን እሷ ዛሬ የምትሠራበት ሳይንስ ሁሉ የተነሣበት ሐሳብ ነው።

የአሸዋ ዝንብ ባለችበት አገር ሁሉ ሰው ይህን ሳያውቅ አልቀረም። በመካከለኛው ምሥራቅ አንዳንድ የበደዊንና የኩርድ ማኅበረሰቦች የሕፃናትን መቀመጫ ገልጠው ለዝንቧ ያጋልጡ ነበር፤ ጠባሳው መምጣቱ ካልቀረ በልብስ በሚሸፈን ቦታ ይሁን ብለው። በኋላ ሐኪሞችም ይህንኑ በመርፌ አደረጉት። ከቁስል የተገኘውን ሕያው ሌሽማንያ አራብተው ክንድ ላይ ይወጉታል፤ አንድ ቁስል ይወጣል፤ ይድናል፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ይጠበቃል። በሶቪየት ኅብረት፣ በእስራኤልና በኢራን ተሠርቶበታል። ኢራን ከኢራቅ ጋር በተዋጋችባቸው ዓመታት ብቻ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ወታደሮችና ስደተኞች በዚህ መንገድ ተወግተዋል።

ዘዴው ይሠራ ነበር። ችግሩ የሚወጋው ራሱ በሽታው መሆኑ ነው። አብዛኛው ሰው አንድ ቁስል አውጥቶ ሲድን፣ ጥቂቱ ግን ለወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ የማይድን ቁስል ይዞ ይቀራል። የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ከሆነ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ አብዛኞቹ አገሮች ተዉት።

ታዲያ ለምን የሞተውን አይሰጡም? ይህን ጥያቄ እሷም ሥራ በጀመረች ሰሞን ጠይቃለች። ተሞክሯል። ሌሽማንያን በሙቀት ገድሎ፣ ሰውነትን ለማንቃት ከሳንባ ነቀርሳ ክትባት ጋር ቀላቅሎ መስጠት በተለያዩ አገሮች ተጠንቷል። ከኢትዮጵያ ድንበር ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ፣ ካላዛርን ለመከላከል የተደረገው ሙከራ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ፤ የሞተውን የተከተቡት ሰዎች ካልተከተቡት የተለየ ከለላ አላገኙም። ሰውነት የሞተውን ጠላት ያየዋል፤ ግን በቂ ነገር አይማርበትም።

የዚህ ምክንያት ተሕዋሲው በሚኖርበት ቦታ ላይ ነው። ሌሽማንያ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሊውጠው የሚመጣ ነጭ የደም ሕዋስ አለ። ሕዋሱ ይውጠዋል፤ ሌሽማንያው ግን አይሞትም። የበላውን ሕዋስ ቤቱ አድርጎ እዚያው ይራባል። እንዲህ ያለውን ጠላት ለመቋቋም ሰውነት ከውጭ የሚመታ መሣሪያ ብቻ አይበቃውም፤ የገዛ ራሱን ሕዋስ ውስጡን እንዲያጸዳ የሚያዝዝ ትእዛዝ መማር አለበት። ያንን የሚያስተምረው እዚያ ድረስ ገብቶ ጥቂት ጊዜ የሚኖር ሕያው ተሕዋሲ ነው።

ሕያው ሆኖ የማይጎዳ ጥገኛ ተሕዋሲ መሥራት እንደሚቻል መጀመሪያ ለገበያ በቀረበ መልኩ ያሳዩት የስኮትላንድ የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ እነ ቢል ጃሬት ጥጆችን በሳል የሚገድለውን የሳንባ ትል እጭ በኤክስሬይ ጨረር አዳከሙት። ጥጃው ሁለት ጊዜ፣ በአራት ሳምንት ልዩነት፣ በእያንዳንዱ ዙር 1000 እጭ ይጠጣል። እጮቹ ጉዞ ይጀምራሉ፤ ግን አድገው ሳንባውን የሚዘጉበት አቅም የላቸውም። ጥጃው ግን ይማራል። ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ1959 ገበያ ላይ ዋለ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ እነ ሩት ኑሴንስዋይግ የወባ ተሕዋሲን በጨረር አዳክመው አይጦችን ከወባ መጠበቅ እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ ለከብቶች፣ ለዶሮዎችና ለበጎች ሕያው የጥገኛ ተሕዋስያን ክትባቶች አሉ። በሌሽማንያ ላይ ግን ለሰው የተፈቀደ ክትባት እስካሁን የለም።

ለእንስሳ የሚበቃው ለሰው የማይበቃበት ምክንያት «የተዳከመ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ምን ያህል የተዳከመ? እስከ መቼ? ለጥጃ ክትባት፣ ከመንጋው አንዱ ቢታመም ገበሬው ኪሳራውን ያሰላል። ጤነኛ ሕፃን ላይ ሕያው ተሕዋሲ የሚወጋ ሰው ግን «ተመልሶ አይጠነክርም» ብሎ መማል አለበት። በጨረር ወይም ለረጅም ጊዜ በብልቃጥ በማራባት የተዳከመ ሌሽማንያ ለዚህ መሐላ አይመችም፤ ምኑ እንደተጎዳ በትክክል አይታወቅምና። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ ወደ ዘረመሉ ሄዱ። ለመኖር የሚያስፈልገውን አንድ ዘረመል ነቅሎ ማውጣት፤ የተነቀለ ነገር ተመልሶ አይበቅልም በሚል ተስፋ።

ተስፋው ብዙ ጊዜ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ ዘረመል የተነቀለበት ሌሽማንያ አይጦችን ያለ ቁስል እንደጠበቀ ተዘገበ፤ ዓመታት ቆይቶ በሬሰስ ጦጣዎች ላይ ሲሞከር ግን ከለላው አልተገኘም። በሌላ ሙከራ ደግሞ፣ ከአይጥ ሰውነት ሳይጠፋ ግን ሳያቆስል የሚቆይ ዓይነት ተሠርቶ ነበር። ከዚያ ዓይነት ውስጥ፣ የጎደለበትን በሌላ መንገድ አካክሶ በሕዋስ ውስጥ መኖርን እንደገና የተማረ ተገኘ። የተነቀለው ዘረመል አልተመለሰም። ተሕዋሲው ያለ እሱ መኖርን ለመደ እንጂ።

አሁን ብዙ ተስፋ የተጣለበት ሴንትሪን የሚባለው ዘረመል የተነቀለበት ነው። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ውስጥ ሂራ ናካሲና ባልደረቦቹ ለዓመታት ሠርተውበታል። ሴንትሪን የሌለው ሌሽማንያ በብልቃጥ ውስጥ እንደልቡ ይራባል፤ ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን መከፈል ያቅተዋል። ጥቂት ጊዜ ይኖራል፤ ያስተምራል፤ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይኸው ቡድን ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ፣ ክሪስፐር በሚባለው ዘረመል መቁረጫ የተሠራውን ዓይነት ይፋ አደረገ። በፊት ዘረመል ሲነቀል በቦታው መድኃኒት የሚቋቋም ሌላ ዘረመል ምልክት ሆኖ ይቀር ነበር፤ ይህ ግን ምንም ምልክት አልቀረበትም። መከላከያ አቅማቸው እንዲጎድል ተደርገው በተወለዱ አይጦች ላይ እንኳ ቁስል አላወጣም። ጤነኞቹን ደግሞ ከዝንቧ ንክሻ ጠበቃቸው።

«ከዝንቧ ንክሻ» የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት፣ የሞተ ክትባት የተሰጣቸው አይጦች በመርፌ ሲወጉ እንደሚጠበቁ፣ በእውነተኛ የአሸዋ ዝንብ ሲነከሱ ግን ከለላው እንደማይሠራ አሳይቷል። ዝንቧ ስትነክስ ቆዳውን ትቧጭራለች፤ ምራቋንና ሌላም ነገር አብራ ትተዋለች። መርፌ ዝንብን አይተካም። ብዙ ዓመት በመርፌ ብቻ የተገኘ መልካም ዜና ከዚያ ወዲህ እንደገና መመርመር ነበረበት።

ይህን ሁሉ ያወቀችው ቀስ በቀስ ነው። ኢትዮጵያ ሳለች የላቦራቶሪ ቴክኒክ ተምራለች፤ በዲቪ ከመጣች በኋላ ግን መጀመሪያ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር የሠራችው። የእንስሳት ክፍሉን ሥራ ስታገኝ ስለ ሌሽማንያ መሆኑን እንኳ አልተነገራትም። በመጀመሪያው ሳምንት በር ላይ የተለጠፈውን ስም አንብባ ቆመች። ከዚያ ገባች።

ከሁሉ የሚከብዳት መከላከያ የሌላቸው አይጦች ያሉበት መደርደሪያ ነው። እነሱ የተዳከመው ተሕዋሲ በእርግጥ የተዳከመ መሆኑን ለማየት የሚያገለግሉ ናቸው። ለምን እንደሚያስፈልጉ ታውቃለች። መተማና ሁመራ ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው ወጣት የሚመለሰው ካላዛር ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ካላዛር የቆዳ አይደለም፤ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ ውስጥ ይገባል፤ ካልታከመ ይገድላል። በዚያ አካባቢ ካላዛር ከያዛቸው ውስጥ ኤችአይቪም ያለባቸው ብዙ ናቸው። ሕያው ክትባት እዚያ ቢደርስ፣ ከሚከተቡት ውስጥ መከላከያው የደከመ ሰው መኖሩ አይቀርም። ተሕዋሲው የሚጠነክር ከሆነ በዚያ ሰው ላይ ከመጠንከሩ በፊት በአይጧ ላይ መታየት አለበት።

ምክንያቱ እጇን አያቀልላትም። የሙከራው ጊዜ ሲያበቃ አይጦቹ ይገደላሉ፤ ጆሯቸውና ንፍፊታቸው ተወስዶ በውስጡ ያለው ተሕዋሲ ይቆጠራል። ክትባቱ የሠራላቸውም ይገደላሉ። እንዳይሰቃዩ ደንብ አለ፤ ደንቡን ትጠብቃለች፤ ቁስሉ ከተፈቀደው መጠን ያለፈበትን አይጥ ቀኑ እስኪደርስ አታስጠብቀውም። ሲመሽ እጇን ከሌሎቹ ሁሉ አስረዝማ ትታጠባለች።

አንድ ጽሑፍ ግን ደጋግማ አንብባለች። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ነው። ከሌሽማንያ የዳኑ አይጦች ቆዳ ውስጥ ጥቂት ተሕዋሲ ሳይጠፋ ይቀራል። ተመራማሪዎቹ ያን ጥቂቱን እንኳ ያላስቀሩትን፣ ፈጽመው የጸዱትን አይጦች እንደገና ሲያጋልጧቸው የቀድሞ ከለላቸውን አጥተው ተገኙ። ከለላው ጸንቶ የሚቆየው ጠላት በጥቂቱ ሲቀር ነበር። ይህን ስታነብ እጇ ሳታስበው ወደ ጉንጯ ሄደ። የአያቷ «ጨርሰሻል» ልክ አልነበረም ማለት ነው? ወይስ አለመጨረሷ ነው ሲጠብቃት የኖረው?

በአማርኛ መርፌውም ጽሑፉም አንድ ሥር አላቸው። ከተበ ማለት ጻፈ ነው፤ ከተበ ማለት ክትባት ሰጠ ነው፤ አያቷ አንገቷ ላይ ያሰሩላትም ክታብ ነበር። ቃሉን ልጅ ሳለች ስትሰማው በቆዳ ላይ የሚጻፍ ነገር ይመስላት ነበር። ብዙም አልተሳሳተችም።

ታናሽ ወንድሟ የደወለላት እሑድ ቀን ነው። ሰላምታው ረዘመ፤ ያ ሁልጊዜ ጥሩ ምልክት አይደለም። በመጨረሻ የስድስት ዓመት ልጁ አፍንጫዋ ላይ የወጣባትን ፎቶ ላከላት። ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሀሉ ቅርፊት የያዘ ነበር። እንዲያ ያለ ነገር በየቀኑ በሚሊሜትር ትለካለች። ይህኛውን ግን በደንብ ማየት አቃታት።

«እትዬ፣ አንቺ የምትሠሪበት የዚህ መድኃኒት አይደል የሚሠራው? ለእሷ አንዲት አትልኪላትም?»

ምን ልትለው ትችላለች? ክትባት ያልታመመን ይጠብቃል እንጂ የታመመን አያድንም ብትለው ይገባዋል። ቀጥሎ ያለው ነው የሚከብደው። ላቦራቶሪው የሚሠራው በሌሽማንያ ሜጀር ነው፤ የኩታበሩ ኤትዮፒካ ነው፤ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። ሜጀር የላቦራቶሪ አይጥን በቀላሉ ያቆስላል፤ ስለዚህ ተጠንቷል። ኤትዮፒካ አይጥ ላይ እንደዚያ በቀላሉ ቁስል አያወጣም። አይጧን የማያሳምም በሽታ ተመራማሪ አይበዛለትም። አክሊሉ ለማና ባልደረቦቻቸው በ1960ዎቹ መጨረሻ ቁንጭርን ሊያጠኑ ኩታበር ድረስ ወጥተዋል። አክሊሉን ሰው የሚያውቃቸው በእንዶድና በብልሃርዝያ ነው። በአያቷ ደጅ ሳያልፉ አልቀሩም ብላ ታስባለች። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ፤ ልጅቷም ያው ቁንጭር ወጣባት።

ከዚህ ሁሉ ለወንድሟ የነገረችው ትንሽ ነው። «የሚሠራው ገና ለአይጥ ነው፣ ወንድሜ» አለችው። «ዛሬውኑ ቦሩ ሜዳ ውሰዳት። የቆዳ ሐኪሞች አሉ፤ በሽታውን ያውቁታል። መርፌው ያማል፤ ብዙ ቀንም ይፈጃል። እንዳታቋርጡ። የትራንስፖርቱንና የማደሪያውን እልካለሁ። ብረት እንዳታስነኳት።»

«እማማ እኮ ብረት አስነክተውሽ ነው የዳንሽው ይላሉ።»

«ብረቱ አይደለም ያዳነኝ። ጠባሳዬን ያሰፋው እሱ ነው።»

ዝም ተባባሉ። ይህን ለቤተሰቧ ተናግራ አታውቅም ነበር። እናቷ ከጀርባ «ምን አለች?» ሲሉ ሰማች፤ ወንድሟ «ቦሩ ሜዳ ውሰዷት ነው የምትል» ብሎ የቀረውን ዋጠው።

በማግሥቱ ወደ ሥራ ገባች። ያን ቀን በመዝገቧ ላይ የነበሩት ቁጥሮች ጥሩ ነበሩ። የተከተቡት አይጦች ጆሮ ከጤነኛ ጆሮ አይለይም። ተማሪው በደስታ ሊነግራት መጣ፤ እሷም ከልቧ ተደሰተች። ያልተናገረችው፣ ከዚያ መደርደሪያ እስከ ኩታበር ያለው ርቀት በቁጥር አለመመዝገቡን ነው። ከአይጥ ወደ ሃምስተር፣ ከሃምስተር ወደ ጦጣ፣ ከዚያም ወደ ጥቂት ፈቃደኛ ሰዎች ያለው እያንዳንዱ እርምጃ ዓመታት ይወስዳል፤ አንዳንዱም እንደ 1995ቱ ተስፋ መንገድ ላይ ይቀራል። መዝለል አይቻልም። ቢዘለል መጀመሪያ የሚጎዳው የወንድሟን ልጅ የመሰለ ነው። ባይዘለልም የሚጠብቀው እሱው ነው።

ልጅቷ ቦሩ ሜዳ ተወሰደች። መርፌው ብዙ ቀን ፈጀ፤ አልቅሳለች፤ አላቋረጡም። ከአምስት ወር በኋላ ወንድሟ በቪዲዮ ደወለና ስልኩን ለልጁ ሰጣት። አፍንጫዋ ላይ የቀረው ምልክት የምስር ፍሬ ያህል ነው። ልጅቷ ፊቷን ወደ ስልኩ በጣም አስጠግታ የአክስቷን ጉንጭ አየች።

«አክስቴ፣ ያንቺ ትልቅ ነው።»

«አዎ፣ የኔ ትልቅ ነው።»

«ያማል?»

«አያምም።»

«ሁለተኛ ይይዘኛል?»

አክስቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ትንሽ ቆየች። አይጦቹን አሰበች፤ በቆዳ ውስጥ ሳይጠፋ የሚቀረውን ጥቂቱን አሰበች፤ በመርፌ የዳነና በራሱ የዳነ ሰውነት እኩል መማር አለመማሩን አሰበች። ከዚያ ለስድስት ዓመት ልጅ የሚሆነውን ብቻ መረጠች።

«ማታ ማታ ደጅ አትቀመጪ፣ እሺ? አጎበርሽን ዘርግተሽ ተኚ።»

«እሺ» አለች ልጅቷ፤ ስልኩን ለአባቷ መልሳ ወደ ገደሉ በኩል ሮጠች። ሽኮኮዎቹ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።